የተሸረሸረ የባሕር ዳርቻ የአሸዋ ክምርን በበጎ ፈቃደኞች መልሶ ማልማት፦ ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ መጀመሪያው ወጀብ

ባሕር ዳር ያለ የአሸዋ ክምር ሲያዩት ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። ግን ሥራ ላይ ነው። ነፋስ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከዳርቻው ላይ ደረቅ አሸዋ ማንሳት ይጀምራል። ቅንጣቶቹ እየዘለሉ ይሄዳሉ። አብዛኞቹ ከሰው ጉልበት በላይ እንኳ አይነሱም። መንገዳቸው ላይ ሣር ካለ ነፋሱ ይደክምና የያዘውን ይጥላል። ሣሩ ሲቀበር ወደ ላይ ያድጋል፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ሌላ አሸዋ ይይዛል። ክምሩ የሚያድገው እንዲህ ነው።

ወጀብ ሲመጣ ተራው የባሕሩ ይሆናል። ሞገዱ የክምሩን ፊት ቆርሶ አሸዋውን ይወስዳል። የተወሰደው አሸዋ ግን ሁሉም ርቆ አይሄድም። ብዙው ውሃው ውስጥ፣ ከዳርቻው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ እንደ ጉብታ ይጋደማል። ቀጣዩ ሞገድ እዚያ ላይ ተሰብሮ ጉልበቱን ይጨርሳል። ባሕሩ ሲረጋ ያው አሸዋ ቀስ በቀስ ወደ ዳርቻው ይመለሳል፤ ነፋሱም መልሶ ወደ ክምሩ ያደርሰዋል። ስለዚህ ክምሩ ለክፉ ቀን የተቀመጠ አሸዋ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው ወጀብ የአሜሪካዋን ኒው ጀርሲ ሲመታ፣ ከፊታቸው ሰፊ ክምር የነበራቸው ሰፈሮች ክምር ካልነበራቸው ጎረቤቶቻቸው የተሻለ ተርፈዋል።

ይህን ያስቀደምኩት ለሥራው አስፈላጊ ስለሆነ ነው። ክምሩን የሚሠራው ነፋስ ነው። የበጎ ፈቃደኛ ድርሻ አሸዋው የሚያርፍበትን ማዘጋጀትና የሰው እግር ከላዩ ላይ ማንሳት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሸረሸረው እወቁ

ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጎብኙት። አንዴ ነፋስ ባለበት ቀን፣ አንዴ ባሕሩ በጣም በሚሞላበት ቀን፣ አንዴ ደግሞ ሰው በሚበዛበት የዕረፍት ቀን። በየጉብኝቱ የምታዩት የተለያየ ነው።

ነፋስ ባለበት ቀን አሸዋው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ክምሩ ውስጥ እንደ ሳህን የተቦረቦረ ባዶ ቦታ ካለ ነፋሱ የሚገባበትን አፍ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ያ አፍ የድሮ የእግር መንገድ ነው። የክምር ሣር አስገራሚ ተክል ነው። ጨው ይችላል፣ መቀበር ይችላል፣ ነፋስ ይችላል። የሰው እግር ግን አይችልም። ሰዎች በአንድ መስመር ደጋግመው ከረገጡት ይሞታል፤ አሸዋው ይገለጣል፤ ነፋሱ መግቢያ ያገኛል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በየዓመቱ እየጠለቀና እየሰፋ ይሄዳል።

ባሕሩ በሚሞላበት ቀን ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ምልክት አድርጉ። ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሙላቱ በደረሰበት መስመርና በክምሩ እግር መካከል ደረቅ አሸዋ አለ ወይ? ሰፊ ደረቅ ዳርቻ ካለ ነፋሱ የሚያነሳው አሸዋ አለው፤ ሥራችሁም ተስፋ አለው። ተራ ሙላት ሁሉ የክምሩን እግር የሚያጥበው ከሆነ ግን እዚያ ሣር መትከል ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው።

አሸዋው ከምንጩ የተቋረጠም ሊሆን ይችላል። ወንዙ ላይ ግድብ ተሠርቶ ይሆናል። ከአጠገባችሁ ያለ ወደብ ወደ ባሕሩ የዘረጋው የድንጋይ ግንብ አሸዋውን በአንድ ወገን አግዶት ይሆናል። ለግንባታ አሸዋ የሚያወጡ ሰዎችም ይኖራሉ። እነዚህን ሣር አይፈታቸውም። በዚህ ጊዜ የቡድናችሁ ጉልበት ፎቶና ልኬት ሰብስቦ ኃላፊነት ላለው አካል በማቅረብ ላይ ቢውል ይሻላል። ተስፋ የሌለው ቦታ ላይ 100 ሰው አሰልፎ ከማድከም፣ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚያዋጣ ቦታ መፈለግ ለሰዎቹም ክብር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ አሸዋ ሁሉ ቁስል አይደለም። አንዳንድ ነፍሳትና እንሽላሊቶች የሚኖሩት በተገለጠ አሸዋ ላይ ነው። በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ አንዳንድ ክምሮች በሣርና በቁጥቋጦ ከመጠን በላይ ተሸፍነው ስለቆሙ ባለሙያዎች ሆን ብለው መልሰው እየከፈቷቸው ነው። ስለዚህ ከክምሩ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ ለመድፈን አትቸኩሉ። ትኩረታችሁ ፊት ለፊቱ ላይ፣ ባሕሩን የሚጋፈጠው ላይ ይሁን።

ፈቃድና የጊዜ ሰሌዳ

የባሕር ዳርቻ ብዙ ጊዜ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ወይም የተከለለ አካባቢ ነው። አጥር ለማቆምም ሆነ ሣር ለመትከል ፈቃድ ያስፈልጋል። ሣር መቁረጥ ወይም መንቀል በሕግ የተከለከለባቸው ቦታዎችም አሉ። ለምሳሌ በፍሎሪዳ ሲ ኦትስ የሚባለውን የክምር ሣር መቅጠፍ ወንጀል ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሰው መሬት ከመቆፈሩ በፊት ፈቃዱ በጽሑፍ እጃችሁ ይግባ።

የጊዜ ሰሌዳውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ተክሉ ነው። በብርድ ወራት የሚያንቀላፋ ሣር ከሆነ የሚተከለው በዚያው በእንቅልፉ ጊዜ ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚበቅለው የአሜሪካ ዳርቻ ሣር ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ይተከላል። ሲ ኦትስ ደግሞ ሙቀት ወዳጅ ነው፤ በጸደይና በበጋ መጀመሪያ ቢተከል ይመርጣል።

ሁለተኛው እንስሳቱ ናቸው። አሸዋ ላይ የሚጥሉ ወፎች ጎጆ መሥራት ሲጀምሩ፣ ወይም የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል መውጣት ሲጀምሩ፣ ሥራው መቆም አለበት። የአካባቢውን የዱር እንስሳት ባለሙያ ጠይቁና ቀኖቹን የቀን መቁጠሪያችሁ ላይ በቀይ አስምሩባቸው። ለእነዚህ እንስሳት ብለን የምንሠራ ከሆነ እነሱን ማስቀደም ይገባናል።

ከሁሉ በፊት ገመድና መንገድ

በጎ ፈቃደኛ መትከል ይወዳል። ገመድ መወጠር ግን የሚያጓጓ ሥራ አይደለም፤ ለፎቶም አያምርም። ቢሆንም የመጀመሪያውን ዘመቻ ለዚህ ስጡት። የሰው እግር ሳይቆም የተተከለ ሣር በመጀመሪያው የዕረፍት ቀን ይረገጣል።

ሰው ወደ ባሕሩ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ "አትለፉ" ብቻ ብሎ መከልከል አይሠራም። አምስት የተበታተኑ መንገዶች ካሉ አንዱን ወይም ሁለቱን መርጣችሁ ጥሩ አድርጓቸው፤ ሌሎቹን ዝጉ። የምትመርጡት ሰው በተፈጥሮው የሚሄድበትን ይሁን፤ ከመኪና ማቆሚያው ወይም ከዋናው መንገድ ብዙ የማያዞረውን።

መንገዱን ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ጋር በቀጥታ አታጋጥሙት። ሰያፍ ያድርግ፤ ወይም መሐል ላይ ይጠፍ። ቀጥ ብሎ ነፋስን የሚቀበል መንገድ ራሱ ሌላ ቦርቧሪ ይሆናል። አቅም ካለ ከአሸዋው ከፍ ብሎ በእግሮች ላይ የቆመ የእንጨት መተላለፊያ ከሁሉ የተሻለ ነው። ከሥሩ አሸዋ ያልፋል፤ ሣርም ይበቅላል። አቅም ከሌለ በሁለቱም ጎን ችካል ተክሎ ገመድ መወጠር ብዙ ያግዛል። በተዘጋው መንገድ አፍ ላይ ደግሞ ደረቅ ቅርንጫፍ ጣል አድርጉበት። ሰው ይመለሳል፤ አሸዋም ይያዛል።

ምልክት ስትሰቅሉ ምክንያቱን ጻፉ። "መግባት ክልክል ነው" ከሚለው ይልቅ "ይህ ሣር ሰፈሩን ከወጀብ ይጠብቃል፤ በእግር ሲረገጥ ይሞታል፤ መንገዱ በቀኝ በኩል ነው" የሚለው ይሻላል። ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ይተባበራል።

አሸዋ የሚይዝ አጥር

አጥር የሚያስፈልገው ክምሩ ብዙ በተጎዳበት፣ ሣሩ ብቻውን ሊይዝ በማይችልበት ቦታ ነው። ቀላል ጉዳት ካለ ገመድና ሣር ይበቃሉ።

አሸዋ የሚይዝ አጥር ድፍን መሆን የለበትም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድፍን ግድግዳ ነፋሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋዋል፤ ነፋሱም የግድግዳውን እግር ይቦረቡራል። ቀዳዳ ያለው አጥር ግን ነፋሱን ያሳልፈዋል፤ ጉልበቱን ግን ይቀንሰዋል። አሸዋውም እዚያው ይወድቃል። ከአጥሩ ገጽ ግማሹ ያህል ክፍት ቢሆን ጥሩ ነው። የተለመደው 1.2 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ቀጫጭን ጣውላዎች በሽቦ ተያይዘው የተሠራ አጥር ነው። በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከጣውላው ስፋት ጋር ተቀራራቢ ይሆናል።

የፕላስቲክ መረብ አትጠቀሙ። ወጀብ ሲበጣጥሰው ባሕር ይገባል፤ ወፍና ኤሊ ያንቃል። ደረቅ ቅርንጫፍም አጥር ይሆናል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በላንካሻየር ዳርቻ በጎ ፈቃደኞች ከበዓል የተረፉ የገና ዛፎችን ሰብስበው በክምሩ ፊት በረድፍ ይቀብሯቸዋል። ዛፎቹ አሸዋ ይይዛሉ፤ ከዚያ በስብሰው ይጠፋሉ። ይህን ዘዴ የማይፈቅዱ ቦታዎች ስላሉ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጌጥ፣ ሽቦና ፕላስቲክ ሁሉ ከዛፉ ላይ መለቀም አለበት።

አጥሩ ተራው ሙላት ከሚደርስበት መስመር በደንብ ወደ የብስ ገባ ብሎ ይቁም። ወደ ባሕሩ ባስጠጋችሁት ቁጥር ብዙ አሸዋ ይዛችሁ ሰፊ ክምር የምትሠሩ ይመስላችኋል። የመጀመሪያው ወጀብ ግን ይወስደዋል፤ ጣውላውም በዳርቻው ሁሉ ይበተናል። ቋሚ እንጨቶቹን ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሉ። አሸዋው ገና ያልያዘው ቋሚ ቶሎ ይላላል።

የባሕር ኤሊ በሚወጣበት ዳርቻ ረጅም ያልተቋረጠ አጥር አይቆምም። እናቲቱ ወደ ላይ መውጣት ያቅታታል፤ ወይም ከአጥሩ ጀርባ ታግዳ መመለስ ይቸግራታል። እዚያ የሚሠራው አጭር አጭር ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ከ3 ሜትር የማይበልጥ፣ ሰያፍ ሆኖ የቆመ፣ በመካከላቸው ከ2 ሜትር በላይ ክፍት የተተወ። አሸዋውን እንዲህም ሆኖ በደንብ ይይዛል።

አጥሩ በአሸዋ ሲሞላ አትንቀሉት። ሥራውን ጨርሷል፤ ተቀብሮ ይቅር። ካስፈለገ ሌላ ረድፍ ከላዩ ይቆማል።

የትኛው ሣር?

መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ በዚያው ዳርቻ በተፈጥሮ የሚበቅለው። በአውሮፓ ማራም የሚባለው ሣር ነው። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ የአሜሪካ ዳርቻ ሣር፣ ወደ ደቡብ ሲኬድ ሲ ኦትስ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ስፒኒፌክስ፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ ወርቃማ ቀለም ያለው ፒንጋኦ አለ። በሞቃት አገሮች ዳርቻ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ቅጠሉ የፍየል ኮቴ የሚመስል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ሐረግ በአሸዋው ላይ ይዘረጋል።

ከሌላ ቦታ የመጣ "ጠንካራ" ተክል ፈተና ነው። የአውሮፓ ማራም በ19ኛው መቶ ዘመን አሸዋ እንዲያስቆም ተብሎ ወደ ካሊፎርኒያ ተወሰደ። አስቆመም። ከዚያ ግን የዳርቻውን ቅርጽ ለወጠው፤ የአገሩን ተክሎች አፈናቀለ፤ በባዶ አሸዋ ላይ የሚጥሉ ትናንሽ ወፎች ቦታ አጡ። ዛሬ እዚያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያንኑ ሣር ሲነቅሉ ይውላሉ። ከደቡብ አፍሪካ የተወሰደው ወፍራም ቅጠል ያለው "አይስ ፕላንት"ም በካሊፎርኒያና በሜዲትራኒያን ዳርቻዎች ተመሳሳይ ጣጣ አምጥቷል። በአንዱ አገር መድኃኒት የሆነው በሌላው በሽታ ሊሆን ይችላል።

ችግኝ ከየት ይምጣ? በአቅራቢያ ዘር ሰብስቦ የሚያፈላ የችግኝ ጣቢያ ካለ ከዚያ ይሻላል። ትእዛዙን ግን ቀደም አድርጉ፤ ችግኝ በአንድ ሳምንት አይደርስም። ከጤነኛ ክምር ላይ ነቅሎ ማዛወር ከተፈቀደ፣ ሣሩ ጥቅጥቅ ካለበት ቦታ እዚህ ጥቂት እዚያ ጥቂት እያላችሁ ውሰዱ። አንድን ቦታ ራቁቱን አታስቀሩ። ከእያንዳንዱ ዘለላ ጋር ከመሬት በታች የሚሄደው አግዳሚ ግንዱ፣ አንጓው ጭምር፣ መምጣት አለበት። አዲሱ ሥር የሚወጣው ከዚያ ነው። ዘር ብቻ መበተን በክምሩ ፊት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም። ወይ ነፋስ ይወስደዋል፣ ወይ ከሚገባው በላይ ይቀበራል።

ብዛቱን ለማስላት ቀላል ነው። በተክሎቹ መካከል 45 ሴንቲ ሜትር ከተውን በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 5 ጉድጓድ ይወጣል። 100 ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ 500 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ወደ 2,500 ጉድጓድ። በእያንዳንዱ 2 ዘለላ ከገባ 5,000 ዘለላ ይሆናል። በዚህ ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። ይህን ቁጥር አስቀድሞ ማየት ልክን ለማወቅ ይረዳል። 30 ሰው ይዞ አንድ ኪሎ ሜትር አደርሳለሁ ከማለት፣ 100 ሜትር በደንብ ሠርቶ መጨረስ ይሻላል።

የተከላው ቀን

ጠዋት መጀመሪያ ሁሉንም ሰብስባችሁ አንድ ሣር ከፊታቸው ትከሉ። ከንግግር ይልቅ ማየት ያስተምራል። ከዚያ በጥንድ አሰማሩ፤ አንዱ ጉድጓድ ይከፍታል፣ ሌላው ይተክላል። ሲደክማቸው ይቀያየሩ። ለአሥር ሰው ያህል አንድ አሠራሩን የሚያውቅ አስተባባሪ ይመደብ። የዚህ ሰው ሥራ መትከል አይደለም። እየዞረ ማየትና ማረም ነው።

ችግኙ ፀሐይና ነፋስ ላይ አይቀመጥ። ሥሩ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ከደረቀ ይጎዳል። እርጥብ ጆንያ አልብሱት፤ ተካዩም በባልዲ እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጎ ይያዝ። ቅጠሉ በጣም ረጅም ከሆነ ከላይ ቁረጡት፤ ነፋስ እንዳይወዘውዘው ይረዳል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ከላይ ያለውን ደረቅ አሸዋ በእግር ገፋ አድርጉና እርጥቡን አግኙ። በጠባብ አካፋ ወይም ጫፉ በሾለ ወፍራም እንጨት ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቀዳዳ ክፈቱ። ሁለት ወይም ሦስት ዘለላ አንድ ላይ ይዛችሁ ሥሩ ወደ ላይ ሳይታጠፍ እስከ ታች አስገቡት። ከዚያ አሸዋውን መልሱና በተረከዝ በደንብ ርገጡት። መጨረሻ ላይ አንዷን ቅጠል ያዝ አድርጋችሁ ሳብ አድርጉ። ተክሉ ከወጣ አልጠበቀም፤ እንደገና ይተከል። ቅጠሉ ብቻ ከተበጠሰ በደንብ ተይዟል ማለት ነው።

ጥልቀቱ ላይ ማንም እንዳይደራደር። ሲደክም ቀዳዳው ያጥራል፤ ከሰዓት በኋላ የሚተከለው ሣር ከጠዋቱ ያነሰ ጥልቀት ይኖረዋል። ላይ ላዩን የተተከለ ሣር ደግሞ በመጀመሪያው ነፋስ ሥሩ ይገለጣል። አካፋው ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ጋ በቀለም ምልክት ማድረግ ችግሩን ያቃልለዋል።

ረድፎቹን አታስተካክሉ። የሁለተኛው ረድፍ ተክል በመጀመሪያው ረድፍ ሁለት ተክሎች መካከል ባለው ክፍተት ፊት ይሁን። እንዲያ ካልሆነ ነፋሱ በረድፎቹ መካከል ቀጥ ያለ ጎዳና ያገኛል። ክምሩ ሰፋ ብሎ እንዲያድግ ከፈለጋችሁ መሐሉን ጠጋ ጠጋ፣ ዳር ዳሩን ራቅ ራቅ አድርጉ። ዳሩ ላይ ከተጠጋጋ አሸዋው ሁሉ ጫፉ ላይ ያርፍና ቀጭን ስለታም ጀርባ ይሠራል።

ሰው የተከለውን መልሶ እንዳይረግጥ የሥራውን አቅጣጫ አስቀድማችሁ ወስኑ። ከመውጫው በጣም ከሚርቀው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ መውጫው እየተመለሳችሁ ትከሉ። የቡድኑም መግቢያ አንድ ብቻ ይሁን። 40 በጎ ፈቃደኛ በፈለገበት ሲወጣና ሲወርድ በአንድ የዕረፍት ቀን ከሚመጡት ጎብኚዎች ሁሉ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል።

ነፋሱ ቦርቡሮት ለነበረው ሳህን መሰል ቦታ ትንሽ የተለየ አሠራር አለ። መጀመሪያ ነፋሱ በሚገባበት አፍ ላይ ቅርንጫፍ ወይም አጭር አጥር በአግድም አቁሙ። ወለሉ ላይ ቅርንጫፍ አልፎ አልፎ በትኑ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አትሸፍኑት። ሣሩን ከጤነኛው ጠርዝ እየጀመራችሁ ወደ ውስጥ ትከሉ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ማንም ከሥሩ አይሥራ። ደረቅ አሸዋ የሚረጋው ወደ 34 ዲግሪ ገደማ ተዳፋት ላይ ነው። ከዚያ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመው እርጥበት ስለያዘው ብቻ ነው፤ ሲደርቅ ይናዳል። በተለይ ሕፃናት ካሉ አንድ ሰው ይህን ብቻ ይጠብቅ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መጫወትም አይፈቀድ፤ የተናደ አሸዋ ሰው ገድሎ ያውቃል።

ጓንት፣ ባርኔጣ፣ ብዙ የመጠጥ ውሃ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ሳጥን። እነዚህ አይረሱ። አሸዋው ውስጥ ስባሪ ጠርሙስ ሊኖር ስለሚችል ባዶ እግር መሥራት አይቻልም።

ከተከላ በኋላ

ውሃ ማጠጣት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ በትክክለኛው ወቅትና ጥልቀት ከተተከለ። ማዳበሪያ ለአዲስ ተክል በመጀመሪያው ዓመት በትንሹ፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት መስጠት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ይቁም። ድሃ አሸዋ ለክምር ሣር የተመቸ ነው። ብዙ ማዳበሪያ የሚጠቅመው አረሙን ነው።

ሣሩ በአሸዋ ሲቀበር አትደንግጡ፤ አሸዋውንም አትጥረጉለት። ማራም በዓመት እስከ 1 ሜትር ገደማ ቢቀበር ችሎ ይወጣል። እንዲያውም መቀበር ይጠቅመዋል። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት በአሮጌው አሸዋ ውስጥ ሥሩን የሚያጠቁ ጥቃቅን ትሎችና ፈንገሶች ይከማቻሉ። አዲስ አሸዋ ሲመጣ ሥሩ ወደ ላይ ሸሽቶ ንጹሕ ቦታ ያገኛል። ለዚህ ነው አሸዋ የማያገኝ ማራም ቀስ በቀስ የሚገረጣው።

የባሕር አረምም አለ። ሞገዱ ወደ ዳርቻው የሚተፋውን ይህን አረም ብዙዎች እንደ ቆሻሻ ያዩታል፤ በማሽን የሚያስጠርጉትም አሉ። እባካችሁ ተዉት። አሸዋ ይይዛል፣ ለአሸዋው ምግብ ይሆናል፣ ዘርም ይዞ ይመጣል። አዲስ ክምር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ መስመር ላይ ነው። ፕላስቲኩን በእጅ ልቀሙ፤ አረሙን እዚያው ተዉ።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ቁጠሩ። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በገመድ ሥሩና በተለያዩ ቦታዎች ላይ አስቀምጡት። በውስጡ ስንት ተተክሎ ስንት እንደቆመ መዝግቡ። አንድ አካባቢ ላይ ብቻ ብዙ ከሞተ ምክንያት አለው። ወይ ይረገጣል፣ ወይ ጥልቀቱ አንሷል፣ ወይ የባሕር ውሃ ደርሶበታል። ምክንያቱን ሳታገኙ እዚያው ላይ መልሳችሁ አትትከሉ።

ቅርጹን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤመሪ የተባለ የባሕር ጂኦሎጂ ተመራማሪ ያስተዋወቀው ዘዴ ሁለት እኩል ዘንግና የሰው ዓይን ብቻ ይፈልጋል። ዘንጎቹ 1.5 ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ከጫፋቸው ወደ ታች በሴንቲ ሜትር ምልክት ይደረግባቸዋል። ከክምሩ ጀርባ ካለ ቋሚ ምልክት ተነሱ። አንዱ ዘንግ በየብሱ በኩል፣ ሌላው በባሕሩ በኩል ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ርቀታቸው ሁሌ አንድ ዓይነት ይሁን። የኋለኛው ሰው ባሕርና ሰማይ የሚገናኙበትን መስመር ከፊት ካለው ዘንግ ጫፍ ጋር ያገጣጥማል። ዓይኑ በራሱ ዘንግ ላይ ከጫፉ ስንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዳለ ያነባል። መሬቱ በዚያ ርቀት የወረደው ያን ያህል ነው። መሬቱ ሽቅብ ከሆነ ደግሞ ከራሱ ዘንግ ጫፍ ላይ ያይና ንባቡን ከፊተኛው ዘንግ ይወስዳል። እንዲህ እያሉ እስከ ውሃው መውረድ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ከተለካ ክምሩ መሙላቱን ወይም መቀነሱን ወረቀት ላይ ታያላችሁ። ተማሪዎች ይህን ሥራ በጣም ይወዱታል።

ወጀብ ሲመጣ

አንድ ቀን ይመጣል። ዓመት የደከማችሁበት ሣር ተገንጥሎ፣ የክምሩ ፊት እንደ ግድግዳ ተቆርሶ ታገኙታላችሁ። ልብ ይሰብራል፤ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞር በሉና ከክምሩ ጀርባ ያለውን ተመልከቱ። ውሃው ወደዚያ ካልደረሰ ክምሩ የተቀመጠለትን ሥራ ሠርቷል።

ያኔ የሚደረገው ብዙ አይደለም። ሰው ወደተቆረሰው ፊት እንዳይጠጋ ገመድ ወጥሩ። የተበተነውን ጣውላና ሽቦ በመጀመሪያው ቀን ልቀሙ። ከተቆረሰው ጫፍ ወደ ታች የተንጠለጠለውን ሣርና ሥር አትቁረጡ፤ ከአሸዋው ጋር ተንሸራቶ ከወደቀ በኋላ ብዙው እንደገና ይበቅላል። ግድግዳውን በማሽን ለመጠረብም አትቸኩሉ፤ ሲደርቅ ራሱ ይናዳል። ውሃው ውስጥ የገባው አሸዋ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ከክምሩ እግር ፊት አዲስ ደረቅ አሸዋ ተከማችቶ ስታዩ፣ በሚቀጥለው የተከላ ወቅት እዚያ ላይ ጀምሩ።

እስከዚያው በየወሩ ከዚያው ከቋሚ ምልክታችሁ ላይ ቆማችሁ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ አንድ ፎቶ አንሱ።